«ሆድ ይፍጀው» የተባለ ሕመም፦ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች ክርስቲያኖች ዘንድ ስለ ልብ ጭንቀትና ስለ አእምሮ ጤና

በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ፣ በያዮና በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች የሚኖሩ ክርስቲያኖች አእምሮውን የታመመውንና ልቡ የተጨነቀውን ሰው ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ወደ ማን እንደሚወስዱት፣ ምንስ እንደሚያደርጉለት ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። በኢትዮጵያ ስለ አእምሮ ሕመም ሲጻፍ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ «ጸበል ወይስ መድኃኒት?» በሚለው ክርክር ላይ ይቆማል። ዳሩ ግን የአገሩ ልማድ ጠጋ ተብሎ ሲመረመር ከዚህ ክርክር የሚቀድም ሌላ ልዩነት ይገኛል፤ እርሱም በሚጮኸው ሕመምና ዝም በሚለው ሕመም መካከል ያለው ልዩነት ነው። የሚጮኸው ሕመም፣ ማለት ሰውን የሚያስለፈልፈው፣ ከቤት የሚያስወጣው፣ ልብሱን የሚያስጥለው፣ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ዘመድ ይሰበሰብለታል፤ ካህን ወይም ሽማግሌ ይጠራለታል፤ ስንቅ ይሰነቅለታል። ዝም የሚለው ሕመም ግን፣ ማለት ሐዘኑ፣ ስጋቱና ተስፋ መቁረጡ፣ ለዓይን ስለማይታይ ሕመም ተብሎ ሳይቆጠር ዓመታት ያልፉታል። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ፣ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል፣ በክርስትናው ትምህርት ውስጥስ ምን መልስ እንዳለ ከዚህ በታች በየክፍሉ ይገለጻል። እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

፩. አገሩና ሕዝቡ

ኢሉባቦር በኢትዮጵያ ምዕራብ የሚገኝ፣ ዝናቡ የበዛ፣ ደኑ የጠና፣ ቡናም በዱር የሚበቅልበት አገር ነው። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። አገሬው የመጫ ኦሮሞ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ራስ ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው ካደረጉ ወዲህ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላም አገር የመጡ ወታደሮች፣ ካህናትና ነጋዴዎች በከተሞቹ ሰፍረዋል። ጎሬ በጋምቤላና በባሮ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን በሚደረገው የቡና ንግድ የታወቀች ከተማ ነበረች። ይህ ንግድ በሱዳን ነጻነት ዘመን አካባቢ ሲቀር የጎሬ ገበያ ቀዘቀዘ፤ የአስተዳደሩም መቀመጫ ከጊዜ በኋላ ወደ መቱ ተዛወረ። ዛሬ ኢሉባቦር በኦሮሚያ ክልል ያለ ዞን ነው፤ በደሌና አካባቢዋም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቡኖ በደሌ የሚባል የራሳቸው ዞን ሆነዋል።

በአገሩ የሚኖረው ሙስሊም ሕዝብ ብዙ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ግን በክርስቲያኖቹ ይወሰናል። ከእነርሱም አንደኞቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው። ሁለተኞቹ የአሜሪካ ፕሪስቢቴሪያን ሚሲዮን በምዕራብ ኢትዮጵያ ካደረገው ሥራ የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ ቤቴል እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዳለች። ከዚያም ወዲህ ሌሎች የወንጌላውያን ማኅበራት በከተሞቹ ተስፋፍተዋል። በአንድ ቤት ውስጥ አባት ኦርቶዶክስ፣ ልጅ ወንጌላዊ፣ አማት ሙስሊም ሆነው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለዚህም በአንድ ሕመምተኛ ላይ ሁለትና ሦስት ዓይነት ምክር መሰማቱ የተለመደ ነው።

የእነዚህ ከተሞች ታሪክ የመከራም ታሪክ ነው። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ለወራሪው አልገዛም በማለታቸው በ1929 ዓ.ም. በኢጣሊያ ወታደሮች ተገድለዋል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተይዘው ተገድለዋል፤ በምዕራብ ኢትዮጵያም ብዙ ጸሎት ቤቶች በደርግ ዘመን ተዘግተዋል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በረኀብ ከተመታው ሰሜን በመላ አገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሲሰፍር ኢሉባቦር ከዋነኞቹ ተቀባዮች አንዱ ነበር፤ ከሰፋሪዎቹም ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው ተለያይተው በማያውቁት ቆላ በወባ ተጠቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም የቡና ስምምነት በፈረሰ ጊዜ ዋጋው ወድቆ ኑሮው በቡና ላይ ለቆመው ቤት ሁሉ ጭንቅ ሆኗል። ከዚህ ሁሉ የተነሣ ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት በመከራ የጸናውን ሰው አብነት አድርገው ያስተምራሉ። ይህ ትምህርት ብዙዎችን አጽንቷል። ነገር ግን አሳዳጅ በሌለበት ተራ ቀን፣ ይህ ነው የሚባል ምክንያት ሳይኖረው ልቡ የዛለበት ሰው ራሱን ከሰማዕታቱ ጋር እያስተያየ እንዲያፍር፣ አፍሮም እንዲደበቅ ያደርገዋል።

፪. ሕመሙ የሚጠራባቸው ስሞች

የከተሞቹ ክርስቲያኖች አማርኛንም ኦሮምኛንም ይናገራሉ፤ በሁለቱም ቋንቋዎች ለሚጮኸው ሕመምና ዝም ለሚለው ሕመም የተሰጡት ስሞች የተለያዩ ናቸው። ለመጀመሪያው በአማርኛ «እብድ»፣ «ለየለት»፣ «ወፈፍ ያደርገዋል»፣ በጨዋ አነጋገርም «ጤና የለውም» ይባላል፤ በኦሮምኛም «መራታ» ይባላል። እነዚህ ቃላት ስለ ሰውዬው የሚነገሩ፣ ሌላው ሰው አይቶ የሚሰጣቸው ስሞች ናቸው። ለሁለተኛው ግን «ሐሳብ ገባው»፣ «ጨነቀው»፣ «ሆድ ባሰው»፣ «ልቡ ተሰበረ»፣ «አንጀቱ አረረ» ይባላል። እነዚህ ደግሞ በሰውዬው ላይ የደረሰውን የሚናገሩ እንጂ የበሽታ ስሞች አይደሉም። በኦሮምኛም «ያዶ» ማለት ሐሳብና ስጋት ሲሆን፣ የሐዘኑና የደስታው ሥፍራ እንደ አማርኛው ሁሉ ሆድ፣ ማለት «ገራ»፣ ነው።

ሆድ በአማርኛ የስሜት ማደሪያ ብቻ ሳይሆን የምሥጢርም ጎተራ ነው። ሆደ ሰፊ የሚባለው ብዙ ችሎ የሚይዘው ነው፤ ችግሩን ሁሉ ለሰው የሚዘረዝረው ግን ጨዋ አይባልም። የተጎዳ ሰው ነገሩን ሊናገር ጀምሮ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ቢያቆም አድማጩ እንደ ትዕግሥት ይቆጥርለታል እንጂ ቀጥል ብሎ አያስጨንቀውም። በዚህ ምክንያት ጭንቀቱ በቀጥታ መነገሩ ቀርቶ በአካል በኩል ይወጣል፤ ራስን ማቃጠል፣ የልብ ትርታ መብዛት፣ የወገብ ሕመም፣ ከሁሉም ይልቅ «ጨጓራ» የሚባለው ሁሉ የዚህ ቋንቋ ክፍሎች ይሆናሉ።

ይህ አከፋፈል የኢሉባቦር ብቻ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ የአገር ሽማግሌዎችና ሌሎች አዋቂዎች የአእምሮ ሕመም ምልክት ብለው የሚያውቁት መለፍለፍን፣ መደባደብንና ያልተለመደ ጠባይን ነው፤ እነዚህ ሁሉ ከውጭ የሚታዩ ናቸው። ለኢሉባቦር ይበልጥ የሚቀርበው ላርስ ያኮብሰንና ፍቅሬ መርዳሳ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት በምዕራብ ኢትዮጵያ ስለ ነበረው ልማድ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። በእነርሱ አገላለጽ በኦሮሞ ልማድ ሰው ሁሉ «አያና» አለው፤ አያናም ከአምላክ የሚሰጥ ሀብት ሲሆን የሰውዬው ጠባይና ማንነትም ነው። የአእምሮ መታወክ በሰውና በአምላክ መካከል ያለው ግንኙነት በመናጋቱ የሚመጣ ነው፤ ቃሉውም የተናጋው ምን እንደ ሆነ መርምሮ ይናገራል። በኦርቶዶክሳዊው ልማድ ግን ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የርኩስ መንፈስ ሥራ ተደርጎ ይታያል፤ መድኃኒቱም ጸሎት፣ ጸበልና መንፈሱን ማስወጣት ነው። በከተሞቹ ሁለቱ አስተሳሰቦች ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ክርስቲያን የሆነ ኦሮሞ ሕመሙን የሰይጣን ፈተና ቢለውም «ከማን ጋር ተጣልቼ ይሆን?» ብሎ መጠየቁን አይተውም።

፫. ጸበል

በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የሚጮኸው ሕመም የመጀመሪያ መንገድ ጸበል ነው። ሕመምተኛው ቡዳ በላው፣ ዛር ያዘው፣ ጋኔን ለከፈው ተብሎ ከታሰበ ዘመዶቹ ወደ ጸበሉ ይወስዱታል፤ ኃይለኛ ከሆነ ታስሮ ይሄዳል። ጸበሉ የሚጠጣውና የሚጠመቀው እህል ሳይቀመስ በማለዳ ነው። አጥማቂው ካህን በመስቀል እየባረከ መንፈሱን ስሙንና የመጣበትን ምክንያት ይጠይቀዋል፤ መንፈሱም በሕመምተኛው አንደበት መልሶ፣ ተገዝቶና ምሎ ይወጣል ተብሎ ይታመናል። ሱባዔው እንደ ስእለቱ ሰባት ቀን፣ ሁለት ሰባት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

የሥርዓቱ ጥቅም በእምነቱ በኩል ብቻ የሚታይ አይደለም። ሕመምተኛው ብቻውን አይሄድም፤ እናት ወይም እኅት አብራው ትሰነብታለች፤ በጸበሉ ሥፍራ እንደ እርሱ ያሉ ሌሎችን ያገኛል፤ በሽታውም የእርሱ ጥፋት ሳይሆን የባዕድ መንፈስ ሥራ ስለሚባል ከዳነ በኋላ ወደ ሰው መካከል በክብር ይመለሳል። ከሁሉ ይልቅ፣ በቤቱ ሊናገረው የማይችለውን ነገር በመንፈሱ ስም ሊናገረው ይችላል። ከባሏ ዘመዶች ግፍ የደረሰባት ሴት በጸበሉ ስታጓራ በደሏ በአደባባይ ይሰማል፤ የሰሙትም «የተናገረው መንፈሱ ነው» ብለው ሳይቀየሟት ያደምጧታል። ሮበርት ጊኤልና ባልደረቦቹ በጊዮን (ወሊሶ) ስለ እምነት ፈውስና ስለ መንፈስ ልክፍት እ.ኤ.አ. በ1968 ካሳተሙት ጽሑፍ ጀምሮ ሐኪሞች ይህን ሥርዓት ሲመረምሩት ኖረዋል።

ጉዳቱም መሰወር የለበትም። ለረጅም ጊዜ መታሰር፣ በብርድ መጠመቅ፣ ምግብ ማጣትና መገረፍ በአካል ላይ ጉዳት ያደርሳሉ፤ የሐኪም መድኃኒት የጀመረ ሰው ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን እንዲተው መደረጉም ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ያገረሸዋል። ለዚህ ጽሑፍ ነገር ግን ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። ይህ ሥርዓት የሚያውቀው የሚጮኸውን ነው። መንፈሱ ካልጮኸ፣ ካልተናገረም፣ ሥርዓቱ የሚይዘው አያገኝም። ዝም ያለው ሰው ከጸበሉ ጠጥቶ፣ ተጠምቆ፣ ሳይጮኽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜ «ዓይነ ጥላ አለበት» ይባላል፤ ይኸውም ሰውን የሚያስጠላ፣ ከሥራና ከትዳር የሚያዘገይ፣ ፊትን የሚያጠቁር መንፈስ ነው ተብሎ የሚታመን ነው። በልማዱ ውስጥ ለዝምተኛው ሕመም የተሰጠ የበሽታ ስም ቢኖር ወደዚህ የሚቀርበው እርሱ ነው። ቢሆንም ስሙ ስለ ዕድል እንጂ ስለ ልብ ድካም አይናገርም፤ ሰውዬውም «ዕድልህ ተይዟል» ከተባለ በኋላ ጭንቀቱ በዕድሉ ላይ ይጨመርበታል።

፬. የንስሐ አባትና የመነኮሳት መጻሕፍት

ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ሁሉ የንስሐ አባት ሊኖረው ይገባል። የንስሐ አባት ቤቱን ይጎበኛል፣ ጠብ ያስታርቃል፣ የሰማውን ምሥጢር ይጠብቃል። ሰው ሆዱን ለመግለጥ ልማዱ የፈቀደለት አንድ ሥፍራ ቢኖር ይህ ነው። ስለዚህ ዝም ያለው ሕመም ወደ ጆሮ ይደርስ ዘንድ ከሁሉ የቀረበው መንገድ የንስሐ አባት መንገድ ነው።

ችግሩ የሚነሣው ኑዛዜ ኃጢአትን ለመስማት የተሠራ በመሆኑ ነው። በከባድ ሐዘን የተያዘ ሰው ራሱን መውቀሱ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ያልሠራውን እንደ ሠራ፣ ትንሹን እንደ ታላቅ አድርጎ ይናዘዛል። ካህኑም በየዋህነት ቀኖና ይሰጠዋል፤ ጾም፣ ስግደትና ምጽዋት ይጨምርበታል። እንቅልፍ ያጣውና እህል የዘጋው ሰው በዚህ ላይ ሲጾምና ሲሰግድ ይበልጥ ይደክማል፤ ቀኖናውን መፈጸም ሲያቅተውም ከፊተኛው የሚብስ ወቀሳ በራሱ ላይ ያመጣል። የታመመ ሰው ከጾም እንዲያርፍ ሥርዓቱ ራሱ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ይህ ሰው በካህኑም በራሱም ዘንድ ታማሚ ተብሎ ስላልተቆጠረ ፈቃዱ አይደርሰውም።

ይህ የሚሆነው ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ልብ ድካም ትምህርት ስለሌላት አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግብፅ በረሃ መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ሰውን ከሚፈትኑት ስምንት ሐሳቦች ውስጥ ሐዘንንና መሰልቸትን ለየብቻ ቆጥሯቸዋል። በኢትዮጵያም ከአራቱ የትርጓሜ ጉባኤያት አንዱ የመነኮሳት መጻሕፍት ጉባኤ ነው፤ መጻሕፍቱም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። የ7ኛው መቶ ዓመት ጻድቅ ማር ይስሐቅ ጨለማ በነፍስ ላይ የሚወድቅበት ሰዓት በቅዱሳንም ላይ እንደሚደርስ፣ ኃጢአትንም ሁልጊዜ እንደማያመለክት ያስተምራል። በዚያ ሰዓት መጸለይ ያቃተው ልብሱን ተከናንቦ እንዲተኛና ሰዓቱን እንዲያሳልፍ፣ መንገዱንም ከሚያውቅ ሰው ምክር እንዲፈልግ ይመክራል። በመጽሐፍ ቅዱስም ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሆኖ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጀራና ውሃ አቀረበለት፣ ዳግመኛም እንዲተኛ ተወው፣ መንገዱ ሩቅ እንደ ሆነም ነገረው። እንግዲህ ትምህርቱ በሊቃውንቱ ጉባኤ አለ፤ በየገጠሩና በየከተማው ወደሚናዘዘው ካህን ግን ሁልጊዜ አልደረሰም።

፭. በወንጌላውያን ዘንድ

በወንጌላውያን ማኅበራት የንስሐ አባት የለም፤ ነገር ግን የቤት ጉብኝት፣ የጸሎት ቡድንና የሽማግሌዎች ምክር አለ። ጸሎቱና መዝሙሩ በኦሮምኛም መሆኑ ታላቅ ቁም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የአናሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙረ ዳዊትን በአፍ መፍቻው ቋንቋ ካስገኘለት ወዲህ፣ የምዕራቡ አገር ሰው ሐዘኑን በእናቱ ቋንቋ ለአምላኩ ለመናገር ችሏል። ከመዝሙራቱም ብዙዎቹ የሙሾ ቃል ያለባቸው ናቸው።

የሚጮኸው ሕመም በዚህም ቤት ርኩስ መንፈስ ተብሎ ይታወቃል፤ መንፈሱ በኢየሱስ ስም እንዲወጣ በጉባኤ ይጸለያል። ዝም ያለው ሕመም የሚገጥመው ችግር ግን ከኦርቶዶክሳዊው ቤት የተለየ መልክ አለው። በጉባኤው መካከል ተነሥቶ ምስክርነት መስጠት የተወደደ ሥራ ነው፤ ምስክርነቱም ብዙውን ጊዜ ያለፈ ጨለማና የመጣ ብርሃን ታሪክ ነው። ጨለማው ገና ያላለፈለት ሰው የሚናገረው ታሪክ የለውም። ደስታ የእምነት ፍሬ ነው ተብሎ በሚሰበክበት ሥፍራ ሐዘኑ የእምነት ጉድለት እንዳይመስልበት ይፈራል፤ ስለዚህ እየዘመረ ይታመማል። በኦርቶዶክሳዊው ቤት «ኃጢአቴ ነው» የሚለው ሰው በወንጌላዊው ቤት «እምነቴ ደካማ ነው» ይላል። የሁለቱ ትምህርት የተለያየ ቢሆንም ዝምታው አንድ ነው።

፮. ጎረቤት፣ ቡና፣ አራስና ለቅሶ

ከካህንና ከሐኪም በፊት ሰውን የሚያየው ጎረቤቱ ነው። በቡና አገር የቡና መጠጣት ሥርዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ እስኪፈላ ድረስ ሴቶች የሚወያዩበት ሸንጎ ነው። በዚያ ሥፍራ የአንዷ መክሳት፣ የሌላዋ መቅረት ወዲያው ይታወቃል። «ለምን ቀረች?» የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት ከሕክምና የሚቀድም ምርመራ ነው። ወንዶች እንዲህ ያለ ሸንጎ የላቸውም፤ የእነርሱ መገናኛ ጠላ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ስለ ሆነ፣ የቡና ገንዘብ በሚገባበት ወራት የወንድ ጭንቀት በመጠጥ ተሸፍኖ «ሰካራም ሆነ» በሚል ስም ይጠራል።

አራስን የሚመለከተው ልማድም መታሰብ ይገባዋል። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ጋኔን እንዳይጠጋት ብረት በአጠገቧ ይደረጋል፤ ገንፎ ይገነፋላታል፤ የወለደችው ወንድ ከሆነ እስከ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ትቆያለች። የፍርሃቱ ምክንያት መንፈስ ይባል እንጂ ልማዱ የሚጠብቃት ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የልብ ድካም ከሚሉት ነገር ጭምር ነው፤ ዕረፍትና ምግብ ታገኛለች፣ የሚያያትም ሰው አይጠፋም። በሥራ ምክንያት ከዘመድ ርቀው በከተማ የሚወልዱ ሴቶች ይህን ጥበቃ እያጡት ነው።

ለሐዘን ልማዱ የሰጠው ሥርዓት ከሁሉ የጠነከረ ነው። ዕድር ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሐዘንተኛው ሳይሠራ ይመገባል። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ተቆጥረው ሐዘኑ በየደረጃው እየቀለለ እንዲሄድ ይደረጋል። ወንጌላውያን ተዝካር ባያወጡም በመዝሙርና በጉብኝት ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ። ነገር ግን ሥርዓቱ የሚጠራው ሞት ሲኖር ነው። ሬሳ ያልወጣለት ሐዘን ድንኳን አይተከልለትም፤ በሠፈራ ዘመን ልጇን ያጣችና መሞቱን ያላረጋገጠች እናት፣ ትምህርቱ የተበላሸበት ተማሪ፣ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ለቅሶ ደራሽ የላቸውም። ከሙት ዓመት በኋላ ሐዘኑ ያልለቀቀው ሰውም «እግዜር ይቆጣል» ተብሎ እንዲያቆም ይመከራል እንጂ ምን እንደ ያዘው አይጠየቅም።

፯. ሐኪም ቤት

በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተጀመረው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከመቱ እስከ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ ወደዚያ የሚሄደው በሌላው ሁሉ ተስፋ የተቆረጠለት፣ ታስሮ በአውቶቡስ የሚጫን ሕመምተኛ ብቻ ነበር። ከዚህ የተነሣ «አማኑኤል ገባ» ማለት በሕዝቡ ዘንድ የሕክምና ሳይሆን የፍርድ ቃል ሆነ። በ1979 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ከተጀመረ ወዲህ ግን አገልግሎቱ ቀስ በቀስ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ወጥቷል። ጂማ ትልቅ የማሠልጠኛ ሥፍራ ሆነች። በካርልሃይንዝ በም ስም በሚጠራው በመቱ ካርል ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልት አገልግሎቱ ከሌላው ጤና አገልግሎት ጋር ተዋሕዶ እንዲሰጥ ወስኗል።

ቢሆንም ሐኪም ቤቱም ሳያስበው የሕዝቡን አከፋፈል ተከትሏል። ወደ አእምሮ ሕክምናው ክፍል የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው ነው። ዝም ያለው ሕመምተኛ ሐኪም ቤት አይሄድም ማለት ግን አይደለም፤ ይሄዳል፣ ግን በሌላ በር ይገባል። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬ ነው፣ እንቅልፍ የለኝም» ብሎ በተራው በሽተኛ መካከል ይሰለፋል፤ የራስ ምታትና የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ እንደ ገናም ይመጣል። የመጣበት ቋንቋ የሆድ ቋንቋ መሆኑን ያወቀ ሐኪም ወይም ነርስ ብቻ «በቤትህ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

በጸበልና በመድኃኒት መካከል ያለውን ጠብ በሚመለከት አንድ የታወቀ አርአያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤድስ ሕመምተኞች የታዘዘላቸውን መድኃኒት ከጸበሉ ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በእንጦጦ በይፋ ገልጸዋል። ቃሉ የተነገረው ስለ ኤድስ ቢሆንም፣ አንዱ ሌላውን እንደማያረክስ ከሥልጣን ወንበር የተሰጠ ምስክርነት ስለ ሆነ ለአእምሮ ሕመምም ይጠቅማል። ከዚያም ወዲህ በእንጦጦ ማርያም ጸበል የአእምሮ ሐኪሞችና ካህናት ተባብረው ለሕመምተኞች አገልግሎት የሚሰጡበት ሥራ ተሞክሯል።

፰. ሞቱን በራሱ ያመጣ ሰው

ዝም ያለው ሕመም መጨረሻው አንዳንድ ጊዜ ሞት ነው፤ ነገሩ ከሁሉ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በኦርቶዶክሳዊው ሥርዓት ራሱን የገደለ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ ከክርስቲያን መቃብርም ይከለከላል። የሥርዓቱ ሐሳብ ሕይወት የእግዚአብሔር መሆኑን ማስተማርና ሌላውን ማስፈራት ነው። ፍርዱ ግን የሚያርፈው በሕያዋን ላይ ነው፤ እናቲቱ የአርባውን ቀን ትቆጥርበት ዘንድ ተዝካር የላትም፤ ዕድርተኛው ይመጣል፣ ግን ስለ ሟቹ አይነጋገርም። ቤተሰቡም ነገሩን በድንገተኛ አደጋ ስም ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ጎረቤት የሚማርበት ነገር አይኖርም።

በዚህ ላይ የጥንቱ የእስክንድርያ መንበር የሰጠው መልስ መታወስ ይገባዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሞተው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ፣ ራሱን ስለ ገደለ ሰው ቁርባን ይቀርባልን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰውዬው በእውነት አእምሮውን ስቶ እንደ ሆነ ይቀርብለታል ብሏል፤ ነገር ግን ዘመዶች ብዙ ጊዜ ስለሚዋሹ ካህኑ ራሱ በጥንቃቄ እንዲመረምር አዝዟል። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ውስጥ የተጠበቀው ይህ መልስ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ሕመምንና ኃጢአትን መለየት ለክርስትናው ሕግ እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ስትቀበልበት በኖረችበት መንበር ታውቆ የነበረ ነው። ሁለተኛ፣ መመርመር የካህኑ ግዴታ ነው። ዳሩ ግን ካህኑ አእምሮውን ስቷል የሚለው የሚጮኸውን ብቻ ከሆነ፣ ለወራት እንቅልፍ አጥቶ፣ እህል ዘግቶ፣ በፍጹም ዝምታ የሞተው ሰው በምርመራው ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ምሕረቱም አያገኘውም። በስም አጠራር የተጀመረው ልዩነት በመቃብር ላይ ይፈጸማል።

፱. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚወጣው ሐሳብ፣ የኢሉባቦር ከተሞች ክርስቲያኖች ስለ አእምሮ ጤና የጎደላቸው የማስታመም ልማድ አለመሆኑ ነው። ጸበል፣ ጉባኤ ጸሎት፣ የንስሐ አባት፣ ቡና፣ ዕድር፣ የአራስ ጥበቃ፣ የለቅሶ ሥርዓት፣ አሁንም ሐኪም ቤት አሏቸው። ከእነዚህ እያንዳንዱ ግን የሚከፈተው ምልክት ሲሰጠው ነው፤ ለጸበሉ ጩኸት፣ ለዕድሩ ሬሳ፣ ለኑዛዜው ኃጢአት፣ ለምስክርነቱ ድል፣ ለሐኪሙ የአካል ሕመም ምልክቱ ነው። ምልክት የሌለው ሰው በሁሉም በር አልፎ ሳይታይ ይሄዳል።

ስለዚህ ይህን አገር የሚያጠና ተማሪ «ሕዝቡ በጸበል ያምናል ወይስ በሐኪም?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «በዚህ ቤት ሆዱን ለመናገር የተፈቀደለት ማን ነው? ለማንስ ይናገራል?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ያገኛል። ለካህናቱ፣ ለወንጌላውያን ሽማግሌዎችና ለጤና ሠራተኞቹም ነገሩ ቅርብ ነው። ተናዛዡ እንቅልፉና እህሉ እንዴት እንደ ሆነ ካህኑ ከቀኖናው በፊት ቢጠይቀው፣ ገና ላላለፈለት ሰው በጉባኤው ሥፍራ ቢሰጠው፣ ነርሷም ጨጓራዬ የሚለውን ስለ ቤቱ ብትጠይቀው፣ ሦስቱም የየራሳቸውን ሥርዓት ሳያፈርሱ ያደርጉታል። በመቱ የካህኑም ቤት፣ ጸሎት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ሕመምተኛውን ከአንዱ ወደ ሌላው መላክም ብዙ መንገድ አይጠይቅም።